የዓሣ ኮሶ

«እህቴም ብትሆን ሕግ ሕግ ነው፤ ዝጓት!»

ካሰች ይህን የሰማችው አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ሻሿን ስታስር ነው። ተናጋሪው ባዕድ ቢሆን ምን ነበረበት! የእናቷ ልጅ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ፣ ባለሥጋ ቤቱ ገብረወልድ። እሷ የምታድርባት የጓሮ ክፍልና የእሱ ሳሎን የሚለያዩት በአንዲት የቺፑድ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ማዶ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ እዚህ ይሰማል። እንግዳው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደአማኑኤል ነበር። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ የቅበላ እሑድ ስለሆነ በጧት መጥቶ ሻኛ ተቆርጦለታል፣ ቢላዋው ሳህኑን ሲፍቀው ይሰማታል። «ዛሬ ስምንት ሰዓት ስብሰባው ላይ አቀርበዋለሁ፤» አለ ሊቀመንበሩ አፉ እንደሞላ። «እየጠበሰች የምትሸጠው ዓሣ ኮሶ አለበት። በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምናገረው። እሷ ትዘጋለች፣ ዓሣው የሚወጣበት ኩሬ ደግሞ በብርብራ ይጸዳል። በኮሶ ላይ ዘመቻ! ለአውራጃው ሪፖርት ይደረጋል።» ገብረወልድም «ብርብራውን እኔ አንድ ኩንታል አዋጣለሁ» አለ። ጭራሽ! የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣ የሚባል ነገር ሆዱን ወደ ሰማይ እንደሚገለብጥ የቴፒ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ወንድሟ የምትኖርበትን የዓሣ መጥበሻ ምድጃዋን ብቻ ሳይሆን ኩሬዋንም ሊገድል ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ማክሰኞ ነው። የሊቀመንበሩ ሚስት ጥብሱን ቤቴ ልሞክረው ብላ ከካሰች ጥሬ ዓሣ ልትገዛ መጣች። ካሰች ሆድ ዕቃውን ሳታወጣ ዓሣ ሸጣ አታውቅም፤ ሴትየዋ ግን «እኔው አወጣዋለሁ፣ እንዳለ ስጭኝ» ብላ ድርቅ አለች። የሊቀመንበር ሚስት እንቢ ትባላለች? ሰጠቻት። ሴትየዋ ቤቷ ገብታ የአንዱን ሆድ ብትሰነጥቀው፣ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ጥብጣብ የመሰለ ትል እየተጥመለመለ ወጣላት። በጩኸቷ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ለቅበላ ሆዴን ላጽዳ ብሎ ከጌጫ ደጋ የመጣ የኮሶ መድኃኒት ጠጥቶ የወጣለትን ትል አይቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ ትሉን ተመለከተና «ራሱ ነው! አውቀዋለሁ!» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው? በሁለት ቀን ውስጥ ሆዱን የቆረጠው ሁሉ፣ ምግብ አልስማማ ያለው ሁሉ፣ ወፍራሙም ቀጭኑም ከካሰች ዓሣ ነው አለ።

ካሰች ትሉ የለም ብላ አትምልም። ታውቀዋለች፤ ስንቱን አውጥታ ቀብራዋለች! ዝናቡ በርትቶ ኩሬው ሲሞላ፣ ውሃው ከመንግሥት እርሻው ቡና ሥር ሲደርስ፣ እነዚያ ጣት የሚያህሉ ዓሦች ቀጫጭንና ንጹሕ ናቸው፤ ከቅርጫት ሙሉ ውስጥ ትል ያለው አንድ ቢገኝ ነው። ኅዳር ወጥቶ ዝናቡ ሲያባራ ግን ውሃው ይሸሻል፤ ረጃጅም እግር ያላቸው ነጫጭ ወፎችና ጥቋቁር ጠላቂዎች ከየት እንደሚመጡ ሳይታወቅ መጥተው ዳር ዳሩን ይይዙታል። ያን ጊዜ የዓሦቹ ሆድ ማበጥ ይጀምራል፤ የካቲት ላይ ከሁለት አንዱ እርጉዝ ይመስላል። ሆዱ ያበጠው ዓሣ እንደ ጤነኛው ወደ ታች አይሰምጥም፤ ዳር ላይ ተንሳፍፎ ያዙኝ ያዙኝ ይላል፣ ወፉም ሰውም በቀላሉ የሚያገኘው እሱን ነው። የመጋቢት ዝናብ ወርዶ ውሃው ሲደፈርስ ደግሞ ሆዳሞቹ ድራሻቸው ይጠፋል። እንግዲህ የካሰችን ዕድል ተመልከቱልኝ! ትሉ የሚበዛው ጾም ሲገባ ነው፤ ዓሣ የሚሸጠውም ጾም ሲገባ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ካህናቱ ይጨቃጨቁበት፤ መምህሩም፣ ሾፌሩም፣ የእርሻው ጸሐፊም ከሰኞ ጀምሮ መናኸሪያው አጠገብ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ባስቀመጠችው ምድጃ ዙሪያ ይሰለፋሉ፣ ሳህኑ በስሙኒ፣ ሚጥሚጣው በነጻ። ካሰች ገና ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወርዳ፣ ሰው ሳያያት ሆድ ሆዱን ሰንጥቃ፣ ትሉን ከአፈር ቀላቅላ፣ ንጹሑን ይዛ ትመጣለች። ደንበኛዬ ከሚሸሽ እኔ ልድከም ብላ ነው የደበቀችው። አሁን መደበቋ ራሱ ወንጀል ሆነ።

የጾሙ ሥራ ዓመቱን ሙሉ የሚያኖራት ነው። መናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ልትከራይ ተነጋግራለች፤ በር ያላት፣ ቁልፍ ያላት፣ የማንም ጉሮሮ ሲጠረግ የማይሰማባት ክፍል። ምድጃዋ ከተዘጋ ክፍሉም ቀረ፣ እሷም ተመልሳ የወንድሟ ሚስት ማጀት ውስጥ ጨጓራ አጣቢ ትሆናለች። ከአገሯ የመጣች ጊዜ ሁለት ዓመት አጥባለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ፈርስ ፈርስ እየሸተተ ቤተ ክርስቲያን መሳለም እንኳ ታፍር ነበር። ያንን አትመለስበትም። ይህን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ለራሷ ድምፅ አውጥታ ተናገረች፤ ቺፑዱ ወዲያ ማዶ ካሰማም ያሰማ አለች።

ሊቀመንበሩ ሲወጣ ጠብቃ ወደ ሳሎን ገባች። ወንድሟ ጠረጴዛው ላይ ቢላዋዎቹን ደርድሮ ሞረድ ያስነካቸዋል፤ ለቅበላ ማታ ድረስ ይሸጣል። ሚስቱ ወለተሥላሴ ሻይ ትቀዳለች። ትንሿ ልጃቸው በየነች ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ካሰች ማታ የሰጠቻትን የተጠበሰ ዓሣ ከጭራው ይዛ ታኝካለች። ወለተሥላሴ ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ ጎንበስ ብላ ዓሣውን ከልጅቱ እጅ ወሰደች፣ ቀስ ብላ እንደ ዕቃ አንስታ በበሩ ወደ ደጅ ወረወረችው። ውሻው በአየር ላይ ቀለበው። ልጅቱ ልታለቅስ አፏን ከፈተችና የሁሉንም ፊት አይታ መልሳ ገጠመችው።  ገብረወልድ ሞረዱን አንዴ ሳብ፣ አንዴ ገፋ ያደርጋል፤ ዓይኑ ከቢላዋው አልተነሳም። ሻይ ቀረበላት። ካሰች ሻዩን ፉት አላለችም፤ ቆማ የወንድሟን አናት ስታይ ቆየች። ጠጉሩ መሃል መሃሉን ሳስቷል። ልጆች ሆነው ጭራሮ ስትለቅም እሾህ የወጋት ጊዜ፣ በጀርባው አዝሏት ቁልቁለቱን የወረደው ይህ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ ስብሰባ አለ አይደል?» አለችው። «አለ» አላት። «ትመጣለህ?» «ግዴታ ነው።» ይኸው ነው የተነጋገሩት። ነጠላዋን ደረብ አድርጋ ወጣች። 

ከጓሮ ባልዲ ውስጥ ሆዱ ያበጠ አንድ ዓሣ መርጣ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ጤና ረዳቷ ዘይቱ የጅማ ልጅ ናት፤ ገና ሠልጥና መጥታ ዓመት አልሞላትም፣ ተረኛ ስለሆነች ግቢው ውስጥ ነጭ ጋወኗን አጥባ ታሰጣለች። «እትዬ ካሰች! በቅበላ እንኳ አታርፊም? ይልቅ ሥጋሽን አትበይም!» ብላ ተቀበለቻት። ካሰች ኮባውን ፈታ አሳየቻት፤ የጧቱንም ጉድ ሳትደብቅ ነገረቻት። ዘይቱ ምላጭ አምጥታ ዓሣውን በድንጋይ ላይ ሰነጠቀችው። ነጩ ትል ተዘረገፈ፤ ከዓሣው ይልቅ እሱ ይረዝማል። ዘይቱ በእንጨት ጫፍ አንስታ አገላበጠችው።

«ትምህርት ቤት በጠርሙስ አሳይተውናል፤ ስሙን ብትገድይኝ አላስታውሰውም። ግን ይኼ የወፍ ነው።»

«የወፍ ስትይ?»

«የሚጎለምሰው ወፍ ሆድ ውስጥ ነዋ! ወፉ ኩሬው ላይ ይጥላል፣ ከኩሱ ጋር እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይገባል። ውሃ ውስጥ ያለች በዓይን የማትታይ ተባይ ትውጠዋለች፣ ተባይቱን ዓሣ ይበላታል፣ ዓሣውን መልሶ ወፍ ይበላዋል። ሰው ሆድ ውስጥ ምን ሊሠራ! ያውም ተጠብሶ!»

ካሰች የበጋውንና የክረምቱን ነገር፣ ወፎቹ መቼ እንደሚመጡ፣ ሆዳሞቹ መቼ እንደሚጠፉ ስትነግራት ዘይቱ ምላጩን እንደያዘች አፏን ከፍታ ሰማቻት። «ለካ ለዚያ ነው!» አለች። «ውሃው ሲያንስ ወፉም ዓሣውም ተባዩም አንድ ላይ ተጨናንቆ ይከርማላ። ዝናብ ሲመጣ የታመመው ይሞታል ወይ ተበልቷል፤ አዲሱን ግልገል ዓሣ ገና አልያዘውም።» ሁለቱም ድንጋዩ ዙሪያ ቁጢጥ ብለው እንደ ጠንቋይ ትሉን አፍጥጠው ያዩታል። ካሰች ደረቷ ቀለል አለላት፤ «ተመስገን! በይ ይህንን ስምንት ሰዓት መጥተሽ ንገሪልኝ» አለቻት። ዘይቱ «እመጣለሁ፣ ምን ገዶኝ!» አለች። ካሰች ልትነሳ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላትና ጠየቀች፤ ባልጠየቀች ይሻላት ነበር። «ታዲያ የኛ፣ የሰዎቹ ኮሶ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከጥሬ ሥጋ ነዋ፣ እትዬ። ከበሬው።»

ካሰች ተመልሳ ቁጭ አለች። የቀበሌው ጥሬ ሥጋ የሚገዛው ከማን እንደሆነ ለዘይቱ መንገር አያስፈልግም። ባለፈው ክረምት አንድ ባለሱቅ ስኳር ደበቅህ ተብሎ፣ የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ተብሎ በጥበቃ ጓዶች ሲወሰድ ሁለቱም አይተዋል፤ ሚስቱ እስካሁን ሚዛን ተፈሪ እየተመላለሰች ስንቅ ታቀብላለች። ስኳር የደበቀ እንዲህ ከሆነ፣ ሰፊውን ሕዝብ ኮሶ ያበላ ምን ይደረጋል? «የወፉን ብቻ ንገሪልኝ» አለች ካሰች። ዘይቱ አቀረቀረች። «ካልጠየቁኝ አልናገርም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም፣ እትዬ። ሥራዬ ነው፤ ሰው እየታመመ ነው።» ደህና ልጅ ናት፤ ክፋቷ አይደለም። ካሰች ዓሣውን ቀብራ ተነሳች።

ወደ ኩሬው በሚወስደው የቡና ጥላ ሥር ስትሄድ ልቧ ሁለት ሆኖ ይጣላል። አንዱ ይበለው ይላል! ይጠየቅ፣ ይመለስ፣ ጉዱ ይውጣ፤ እሱ ለሻኛ ብሎ እህቱን ሲሸጥ አዝኗል እንዴ? ሌላው ልቧ ደግሞ በየነችን ያመጣል፣ ወለተሥላሴን አገልግል ይዛ ሚዛን ተፈሪ እስር ቤት ደጅ ላይ ያቆማታል። ካሰች ሁለቱንም ዝም በሉ አለቻቸው። አንድ ነገር ብቻ ቁርጥ ነው፤ ነገ ጧት ምድጃዋ ይቀጣጠላል። ዓሣ አጥማጁ ይስሐቅ ታንኳው ላይ ቆሞ መረቡን ይሰበስባል። የሸኮ ሰው ነው፤ አማርኛውን ቆጠብ አድርጎ ነው የሚናገረው። ከመሃል ያወጣውን ንጹሑን ዓሣ ቅርጫት ሲያቀርብላት «ከዳርም ስጠኝ፣ ሆዳም ሆዳሙን» አለችው። ይስሐቅ ሳቀ። «ሆዳም ዓሣ ምን ታደርጊ? ሰው አይገዛ።» «ለሊቀመንበሩ ነው!» አለችው። ይስሐቅ ግራ ገብቶት በመዳፉ ከዳር ይዝቅላት ጀመር፤ ለመያዝ ሁለት ጊዜ እንኳ አልሞከረም፣ እየተንሳፈፉ እጁ ውስጥ ይገባሉ። ማዶ ነጫጮቹ ወፎች አንገታቸውን ቀልሰው ድርሻችን ተነካ ብለው የሚቆጡ ይመስል ያዩታል።

የቀበሌው አዳራሽ በስምንት ሰዓት ጢም ብሏል። ከቅበላ ገበታ ተነስቶ የመጣ ሰው ስለሆነ አዳራሹ ቅቤና ጠጅ ጠጅ ይሸታል፤ ግማሹ ያዛጋል። ግራ እጅ ተነስቶ መፈክሩ ተባለ። ጓድ ወልደአማኑኤል ቀይ ጨርቅ ከለበሰው ጠረጴዛ ጀርባ ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ስለ ጤናማ አምራች ኃይል፣ ስለ ድብቅ ጠላት፣ ስለ ውስጥ ቦርቧሪ። ቦርቧሪው ኮሶ መሆኑን ሰው የተረዳው ዘግይቶ ነው። ከዚያ ገብረወልድ ተነሳ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክራል። «እህቴ ናት፣ ደሜ ናት፤» አለ። «ግን የሕዝብ ጤና ይበልጣል። ሲሆን ሲሆን እሷም ማጀቷ ብትሰበሰብ ለራሷም ክብር ነው።» ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች «እውነት ነው» አሉ። ማጀቷ! ካሰች በዚያች ቃል ላይ ብድግ አለች። ማንም ሳይፈቅድላት ቅርጫቶቿን ይዛ ወደ ፊት ሄደችና ያመጣችውን ትሪ ቀዩ ጨርቅ ላይ አስቀመጠች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ተከሳሹ ራሱ መጥቷል፤ ይታይ እንጂ!» አለች። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ቢላዋዋን አውጥታ ከመሃል የተጠመደውን አንዱን ሰነጠቀች፤ ንጹሕ። ሁለተኛውን፤ ንጹሕ። ከዳር የተዘቀውን ስትሰነጥቀው ትሉ ተዘረገፈ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ የነበሩ ሴቶች «ውይ በሞትኩት!» ብለው እግራቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ።

«ትሉ አለ። ደብቄያችሁ ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወርጄ እያወጣሁ ስቀብር ነው የኖርኩት። ፈርቼ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልደብቅም። ክረምት ላይ የለም፣ በጋ ላይ ይበዛል። ምን እንደሆነ ደግሞ የተማረችው ትንገራችሁ።»

ዘይቱ ተነስታ የወፉን፣ የተባዩን፣ የዓሣውን ነገር በሚገባ አስረዳች። ብርብራ ቢጨመር ዓሣው አልቆ ውሃው ሸትቶ ከብት ይሞታል እንጂ ትሉ አይጠፋም፣ ወፎቹ በመጪው በጋ መልሰው ያመጡታል አለች። ከመሃል አንድ ሰው «ወፎቹን ማን ያስራቸዋል?» ሲል ሳቁ ጎላ። የሊቀመንበሩ ፊት ቀላ፤ ዘመቻው ከእጁ እያመለጠ ነው። ጠረጴዛውን መታ። «ጸጥታ! እሺ፣ ይኼ የወፍ ይሁን። በዚህ ቀበሌ ኮሶ የሌለበት ሰው የለም። የኛስ ከየት መጣ? ጓዲት ትመልስ!»

 ዘይቱ ካሰችን አየቻት፤ ይኸው ተጠየቅሁ የሚል ዓይን ነበር። ካሰች ደግሞ ወንድሟን አየችው። ገብረወልድ ኮፍያውን ማሽከርከር ትቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ያውቃል! ካሰች ያን ጊዜ ገባት። ያኔ ጨጓራ እያጠበች ሥጋ ቤቱ ውስጥ ስታግዘው ያየችው አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ደንበኛ ፊቱን ዞር ሲያደርግ ገብረወልድ በቢላዋው ጫፍ ከሥጋው ውስጥ ስንዴ የምታህል ነጭ ፍሬ እየፈነቀለ ከጠረጴዛው ሥር ይጥል ነበር። ምን እንደሆነች በስም አያውቃትም ይሆናል፣ ጥሩ እንዳልሆነች ግን ያውቃል። እሷ ወንዝ ዳር ትቀብራለች፣ እሱ ጠረጴዛ ሥር ይጥላል። የአንድ እናት ልጆች! ንዴቷ አልጠፋም፤ ግን ከንዴቷ ሥር እንባ የሚያመጣ ሌላ ነገር ተነሳባት፣ አዘነችለት። ዘይቱ «የሰው ኮሶ የሚመጣው ከ...» ስትል ካሰች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ገባችበት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ! እርስዎ ኮሶ መጠጣት የጀመሩት መቼ ነው?»

«እኔ? ከልጅነቴ ነዋ! አያቴ ናቸው ያጠጡኝ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«አገርዎ ዓሣ ነበረ?»

«ዓሣ? በዚያ ደጋ ላይ ዓሣ ምን ሊሠራ! ወንዝም የለን!»

«ታዲያ ያን ጊዜ ምድጃዬን እዚያ ድረስ ማን ተሸክሞልኝ ኖሯል?»

ምን ልበላችሁ፣ አዳራሹ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን ይመታሉ፣ ጥበቃው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ይንፈራፈራል፣ አንዲት ሴትዮ «እኔም እኮ ስዳር ጊዜ ነው የጠጣሁት!» ስትል ሌላዋ ትቀበላታለች፤ ሁሉም የራሱን ኮሶ ዕድሜ እየቆጠረ ይናገራል። ጥያቄው በሳቁ ውስጥ ሰጠመ። ካሰች እንዲንሳፈፍ ጊዜ አልሰጠችውም። ዘመቻ ካስፈለገ ዘመቻ ይኸውና አለች፤ ከነገ ጀምሮ ዓሣ በሕዝብ ፊት ይታረድ፣ ሆድ ዕቃው ውሻም ወፍም እንዳያገኘው ይቀበር፣ ሊቀመንበሩ ሪፖርቱ ላይ ይህን ይጻፉት። ሊቀመንበሩ ዓይኑ በራ። «በሕዝብ ፊት የማረድ ዘመቻ...» ብሎ ቃሉን በአፉ አጣጣመው። «ቦታውስ?» አለ። ካሰች ይህን ኩሬው ዳር ቆማ አስባው አልነበረም፤ አሁን፣ ወንድሟን እያየች ነው የመጣላት። «ገበያው መሃል፣ መንገዱ ላይ፣ ጠረጴዛና ውሃ መውረጃ ያለው አንድ ቤት ነው ያለው። እሱም ከነገ ጀምሮ በጾም ምክንያት ይዘጋል። የወንድሜ ሥጋ ቤት። እህቴ ደሜ ናት ብሏል አሁን፣ ሰምታችኋል፤ እንቢ አይለኝም።» ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ገብረወልድ አዞረ። ሊቀመንበሩ «ትስማማለህ ወይ፣ ጓድ?» አለው። ገብረወልድ እህቱን አየ። ዘይቱን አየ፤ ልጅቱ ገና አልተቀመጠችም፣ ቆማ ነው። «እስማማለሁ» አለ፤ ሁለተኛ ጊዜ ድገም እስኪባል ድረስ ድምፁ አልወጣም።

ሲበተኑ ዘይቱ በሩ ላይ ካሰችን በክንዷ ያዘቻት። «ሸወድሽኝ አይደል? ግን ጉሮሮዬ ላይ እንዳለ ነው፣ እትዬ። ጾሙን ሙሉ ማንም ጥሬ አይበላም፣ ዝም እላለሁ። ከፋሲካ በፊት ግን ቤት ለቤት እየዞርኩ እናገራለሁ፤ ሥጋ ይብሰል እላለሁ።» ካሰች ግንባሯን ሳመቻት። «ተናገሪ፣ የኔ እህት። እስከዚያ እኔ አንድ ሰው አሰናዳለሁ» አለቻት።

ወደ ማታ ላይ የቅበላው የመጨረሻ ደንበኛ ሄዶ መንጠቆዎቹ ባዶ ሲሆኑ ካሰች ሥጋ ቤቱ ገባች፤ ሳታስፈቅድ፣ ሳታንኳኳ። ምድጃዋን በረንዳው ላይ አኖረች፣ ቀሚሷን ሸብ አደረገች፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የደረቀ ደምና ስብ በአሸዋና በውሃ መፈተግ ጀመረች። ገብረወልድ ጥግ ባለው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያያታል።  ሽርጡን እንኳ አልፈታም፤ እጁ ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል፤ ይህ ትልቅ ሰውዬ በአንድ ቀን ያነሰ መሰላት።

«ለምን አላስጨረስሻትም?» አለ በመጨረሻ። «ልጅቱን። ልትናገር ነበር እኮ።»

«አንተ ጧት ዝጓት ስትል ቺፑዱ ማዶ ነበርኩ፣ ጋሼ። ሻሽ እያሰርኩ። አንዲቷም ቃል አላመለጠችኝም።»

ገብረወልድ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። እሷም መፈተጓን አላቆመችም። ጾም በመጣ ቁጥር ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ እሱ ቤት ሲውል፣ ደንበኞቹ ሁሉ የእህቱ ምድጃ ዙሪያ ሲሰበሰቡ ማየት እንደከበደው፣ ወለተሥላሴም ሌሊት ሌሊት እንደምትነዘንዘው ነገራት። ጾሙን ብቻ፣ ጾሙን ብቻ ትረፍ ብዬ ነው አለ። ካሰች አመነችው። ቢሆንም አመማት፤ ያመማትንም ደብቃ አልዋጠችም፣ «ሆዴን አቃጠልከው፣ ጋሼ፤ ባዳ ቢያደርገው ይሄን ያህል አያመኝም ነበር» አለችው። ከዚያ የዘይቱን ነገር ነገረችው። ልጅቱ ከፋሲካ በፊት እንደምትናገር፣ ሕዝቡ ያኔ እንደማይስቅ፣ እሱም ጾሙ ሲፈታ ሥጋውን ጠብሶና ቀቅሎ የሚሸጥበትን ከአሁኑ ማሰናዳት እንዳለበት፣ መጥበስ ካቃተው እሷ እንደምታሳየው። ነጫጮቹን ፍሬዎች ያየ ቀን ደግሞ ሥጋውን ከነብልቱ እንዲቀብረው፤ እንቢ ካለ ሁለተኛ እንደማትከልለው፣ ራሷ ቆማ እንደምትናገር። 

«ጥሬ ካልሸጥኩ ማን ይገዛኛል?»

«ያልታመመ ይገዛሃል።»

ገብረወልድ ከበርጩማው ተነሳ። አጠገቧ መጥቶ ቆመ፤ ምን እንደሚያደርግ አጥቶ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ዓይኑ ቀልቷል። «ካሱዬ፣» አለ፣ «ይቅር በይኝ።»

ካሰች ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ባዶውን ባልዲ አንስታ እጁ ላይ አንጠለጠለችለት።

«ይቅርታውን ለፋሲካ አስብበታለሁ። አሁን ውሃ ቅዳልኝ።»